በወንድምሽ ልክ የተሰፋ ማርሽ

ሰኞ ረፋድ፣ ሚያዝያ ሦስት

ለማትጽፊልኝ ባለቤቴ፣

እንዴት ከረምሽ? ጉንፋኑስ ለቀቀሽ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ግን ይህችን ወረቀት ይዤ ከተቀመጥኩ ወዲህ ስንቴ ተነስቼ መስኮቱን እንደዘጋሁ፣ ታፍኜ መልሼ እንደከፈትኩ ብታዪ ትስቂብኝ ነበር። መቀመጫ አጥቻለሁ።

በመጀመሪያ የምትጠብቂውን ልንገርሽ፤ ወንድምሽ ግንባር አልሄደም። እዚሁ አለልሽ። በእህትሽ በኩል "አደራውን፣ የሚያውቀው ሰው አያጣም" ብለሽ ልከሽብኝ የለ?

ስሙ ለዘመቻ በተጠራ ማግስት ፊቴን በጨው ታጥቤ፣ ድሮ አብሮኝ ጥሩምባ ይነፋ ወደነበረው ጓደኛዬ ሄድኩ። ዛሬ ኮሎኔል ሆኗል፤ የጦሩ ማርሽ ባንድ በእጁ ነው። የሰው ፊት እሳት ነው ሲሉ እሰማ ነበር፤ አሁን ገባኝ። ደጅ አስጠንቶ አስገባኝና፣

"የሚስትህ ወንድም ምን ይጫወታል?" አለኝ።

"ከበሮ" አልኩት፣ ዓይኔን ሳላሽ።

"ይችላል?"

"አንተው ታየዋለህ።"

ሳቀ። "በል እወስደዋለሁ። አንተ ደግሞ አዲስ ማርሽ ትጽፍልኛለህ፤ የድሮው ሰልችቶናል።"

ወንድምሽን ታውቂው የለ! በሰርጋችን ቀን እንኳ ሲያጨበጭብ ሌላውን ያሳስት ነበር። ትልቁን ከበሮ ተውሼ ሳሎን ውስጥ አቆምኩና ሳምንት ሙሉ አስተማርኩት። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ግድግዳውን እየደበደበች "ኧረ ቤቱን እንዳታፈርሱት!" ትለናለች። አልሆነም። እሱ ለማርሹ አልሆን ቢል እኔ ማርሹን በእሱ ልክ ሰፋሁለት። ግራ እግር ሲያርፍ ዱም፤ ከዚያ ሌላ ምንም የለው። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ተራ ነገር ጽፌ አላውቅም።

ኮሎኔሉ ግን ወደደው። ወታደሩም ለእግር ይመቻል አለ። ይኸው ሬዲዮው የሚያሰማው እሱን ነው፣ መንገደኛው የሚያፏጨው እሱን ነው፣ ባቡር ጣቢያ ምልምል በተሸኘ ቁጥር የሚመታው እሱ ነው።

ባለፈው ሳምንት የልብስ ሰፊዋ ልጅ ተጠራ፤ ያ አንቺ ፍንጭቱ የምትይው። እናቱ መጥታ በር ላይ ቆመች። ግቢ ብላት እምቢ አለች።

"ጋሼ፣ እርስዎ ሰው ያውቃሉ" አለችኝ።

ተመልሼ ሄድኩ። ኮሎኔሉ በዚህኛው ጊዜ ቆሞ ነው ያነጋገረኝ።

"ወንድሜ፣ ለአንድ ከበሮ ሁለት መቺ የት አይተሃል? ወይስ ያኛውን ላውጣልህ? ምረጥ።"

ምን ብዬ እንደመለስኩለት አልጽፍልሽም። ወንድምሽ እዚሁ ነው ብዬሻለሁ።

ዓርብ ጣቢያ ሄጄ ነበር። ፍንጭቱ ሲያየኝ ባርኔጣውን አነሳልኝ። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ እናቱ በመስኮቱ በኩል እያወራችው ጎን ጎኑን ተከተለች፤ ሳታውቀው እግሯ በከበሮው ምት ይሄድ ነበር። ወንድምሽ አቀርቅሮ ነው የሚመታው። አንዴም አልሳተ።

ከዚያ ወዲህ እኔና እሱ ማታ አብረን እንበላለን እንጂ ስለ ዓርብ አንዳችንም አናነሳም። ሴትዮዋ ብትቀየመኝ ይሻለኝ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ደረጃው ላይ አግኝታኝ ጨብጣኝ፣ "ደክመውልኛል ጋሼ፣ ውለታዎን አልረሳም" አለችኝ። እጄን ከእጇ እንዴት እንዳወጣሁት እንጃ።

ነይ አልልሽም። ብትመጪ ግን ቁልፉን አልቀየርኩትም።

ፈጣሪ ያለሽበትን ቤት ሰላም ያድርገው። የሄደውን ሁሉ ለእናቱ ይመልስ፤ የልብስ ሰፊዋን ልጅ ግን ከሁሉ አስቀድሞ።

አሁንም ባልሽ