የገረባው ካቶድ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ
ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለኒቆዲሞስ፣

እንደምን ሰነበትክ? ሳልህ እንደተወህና እዚያ ኮሪያ ዝናብ እንደጀመረ ከሶፊ ሰምቻለሁ። እዚህ ዝናቡ ደመናውን ብቻ ልኮልን ራሱ ቀርቷል። ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ ቤቱ ምድጃ ነው፤ መብራቱም ማራገቢያ የምንፈልግበትን ሰዓት መርጦ ይሄዳል። እናትህ ደህና ናቸው። ጉልበታቸው ቢያስቸግራቸውም ቅዳሜ ቅዳሜ በባጃጅ እየመጡ ከሶፊ ጋር ይውላሉ። ሶፊ ከክፍሏ አራተኛ ወጥታለች፤ ሂሳብ ዘጠና ሁለት። አማርኛ ላይ ግን ድርሰቷን "አቦ!" ብላ ጀምራ መምህሯ በቀይ አስምሮባታል። እኔ ሳቅሁ፤ እናትህ ግን "ታዲያ ድሬ ተወልዳ ምን ልትል ነበር?" ብለው ተቆጡላት።

ይህን በስልክ ልነግርህ ስድስት ወር ሞከርኩ። እሁድ ትደውላለህ፣ "ሄሎ እፀ፣ ሶፊን አቅርቢልኝ" ትላለህ፣ እኔም አቀርባለሁ። አንዴ "ስለ ፓተንቱ አንድ ነገር ልንገርህ" ስልህ "ላብራቶሪ ውስጥ ነኝ፣ ቸኩያለሁ" አልከኝ። እሁድ ነበር። ስለዚህ ጻፍኩት፤ ደብዳቤ መሀል ላይ አይዘጋም።

የፓተንት መርማሪው ውጤት የደረሰኝ በታኅሣሥ ወር ነው። ፖስታውን የላብራቶሪው በር ላይ ቆሜ ቀደድኩት፤ ወንበር እስክደርስ አልታገስኩም። ዘጠኙም የይገባኛል ጥያቄዎቻችን ወድቀዋል። ከጫት በርጫ በኋላ በየደጁ የሚጠረገውን ገረባ፣ የጫቱን ትራፊ፣ አክስለን የካቶዱን ዱቄት በዚያ ከሰል ማልበሳችን፣ ሙቀቱ፣ መጠኑ፣ ሁሉም "አዲስነት የለውም" ተብሏል። እናትህ አንድ ቀን "ይህ ካቶድ የምትሉት ነገር ምንድን ነው?" ሲሉኝ "ባትሪው ሲሠራ ሊትየሙ የሚገባበት ቤት ነው፤ እኛ የቤቱን ግድግዳ በጫት ከሰል እንለስናለን" ያልኳቸው ትዝ ይልሃል? ያ ቤት ነው የፈረሰው። ከ2010 ጀምሮ ገረባ በጆንያ ተሸክመን፣ የጎረቤት ሰው "እነዚህ መምህራን ደግሞ ምን ነካቸው" እያለ፣ ምድጃው ሲበላሽ በእጃችን እየጠገንን የሠራነው።

መርማሪው ማስረጃ አድርጎ የጠቀሰው አንድ ጽሑፍ ብቻ ነው። ከደብዳቤው ጋር አያይዞታል። ግንቦት 2014 ኮሪያ ውስጥ በአንድ የባትሪ ጉባኤ ላይ የቀረበ፣ ሁለት ገጽ። የመጀመሪያው ስም ያንተ ነው። ከዚያ የፕሮፌሰርህ፣ ከዚያ የማላውቃቸው የሁለት ሰዎች። አራት ስም። አገላብጬ ፈለግሁ፤ መጨረሻው ላይ ምስጋና የሚጻፍበት ቦታ እንኳን አየሁ። ለማሽኑ ባለሙያ ምስጋና አለ።

በሁለተኛው ገጽ ላይ ያለው የማይክሮስኮፕ ፎቶ ናሙና አሥራ ሰባት ነው። እኔ ፈጭቼ፣ እኔ ነፍቼ፣ ለትምህርት ስትሄድ በመድኃኒት ብልቃጥ አድርጌ ሻንጣህ ውስጥ የከተትኩልህ። ቁጥሩን እንኳን አልቀየርከውም።

በጥር ወር ፈቃድ ወስጄ፣ ሶፊን ለእናትህ ትቼ፣ በባቡር አዲስ አበባ ወጣሁ። መርማሪው አቶ አለምብርሃን ይባላል፤ ኬሚስትሪ የተማረ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ልጮኽበት ተዘጋጅቼ ነበር የገባሁት። ገና ከመቀመጤ፣ "እናንተ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ የሰው ድካም በአንድ ወረቀት ትጥላላችሁ" አልኩት።

አልተቆጣም። "ወይዘሮ እፀገነት፣ እኔ ማን ደከመ ብዬ አልመረምርም። ነገሩ ከማመልከቻው ቀን በፊት ለዓለም ተገልጧል ወይስ አልተገለጠም ነው የእኔ ጥያቄ" አለና ጽሑፉን ወደ እኔ ገፋው። በእስክሪብቶው ስምህን ነካ። "ይህን ሰው ያውቁታል?"

"ባለቤቴ ነው።"

ቀና ብሎ አየኝ። "በማመልከቻው ላይም ከእርስዎ ጋር ስሙ አለ።"

"አዎ።"

"እንግዲያው ሕጉ በር ነበረው። አመልካቹ ራሱ የገለጠውን እስከ አሥራ ሁለት ወር ድረስ ይታገሣል። ጉባኤው ግንቦት ነው፤ እናንተ ያስገባችሁት የሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ ላይ። አሥራ አራት ወር። ለምን ዘገያችሁ?"

"ፊርማ ስጠብቅ።"

"የማን?"

እሱ እስክሪብቶውን ያሳረፈበት ስም ላይ ጣቴን አሳረፍኩ።

ኒቆ፣ ማመልከቻው በመጋቢት አልቆ ነበር። ከጉባኤው በአሥረኛው ወር። "ፈርመህ ላክልኝ" ብዬ ስንት ጊዜ እንደጻፍኩልህ ቆጥረህ ታውቃለህ? አንዴ "ፕሮፌሰሩን ላማክር" አልክ። አንዴ "የተሻለ ውጤት እስክናገኝ እንቆይ፣ አትቸኩዪ" አልከኝ። እኔን አትቸኩዪ ስትል ያንተው ጽሑፍ በኢንተርኔት ላይ ለማንም ተዘርግቶ ዓመት ሊሞላው ነበር። ሰው ይህን እንዴት ይረሳል? ረስቶት ነው ልበል ብዬ ከራሴ ጋር ብዙ ተከራክሬአለሁ። በመጋቢት ረስተህ፣ በሚያዝያ ረስተህ፣ በግንቦት ረስተህ፣ በሰኔ ረስተህ? ፊርማህን የላክኸው ሐምሌ ላይ ነው፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ።

አቶ አለምብርሃን ውሃ አስመጣልኝ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ ያ ጥያቄ ነው ያቆመኝ። "ባለቤትዎ እዚህ ጽሑፍ ላይ ያልገለጠው፣ እናንተ ግን ባስገባችሁት ማመልከቻ ውስጥ የተጻፈ ነገር አለ? አዲስ ነገር መጨመር አይቻልም። የነበረውን ወደፊት ማምጣት ግን ይቻላል።"

አለ። አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ። ስትፈርም ያንን ገጽ ያነበብከው አይመስለኝም።

ያንተ ጽሑፍ ሲያልቅ ምን እንደሚል ታውቃለህ፤ ባትሪው ሰማንያ ጊዜ ተሞልቶ ከተራገፈ በኋላ ይደክማል፣ መንስኤው ገና አልታወቀም ይላል። መንስኤው የታወቀው አንተ ከሄድክ በኋላ ነው፤ ያወቀችውም ሃምዳ ናት። ሃምዳን ታስታውሳታለህ፣ ገረባ በጆንያ እየሰበሰበች ፍየሎቿን የምትቀልበውን፣ ለእኛም የምታመጣልንን። አንድ ጊዜ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ጆንያዎቿ ውሃ ውስጥ ሦስት ቀን አደሩ። ኮምጥጦ፣ ሽታው ሰፈር እያዳረሰ አምጥታ ደጄ ላይ ጣለችው።

"ሃምዳ፣ ይሄ ምን ያደርግልኛል?" አልኳት።

"ፍየሎቼ እምቢ አሉት እኮ፣ እፀ። ጨው የለውም። የኮመጠጠው ውሃ ጨዉን በልቶታል። ወላሂ ቀምሼዋለሁ፣ ድርቆሽ ነው። ላንቺ ከሆነሽ ብዬ ነው።"

ላሳዝናት ስላልፈለግሁ ተቀበልኳት። አክስዬ ሞከርኩት። ባትሪው ሰማንያን አለፈ፣ ሁለት መቶን አለፈ፤ መለኪያው የተበላሸ መስሎኝ ፈትቼ ገጠምኩት። ጨዉ ነበር፣ ኒቆ። እኛ ዓመታት ሙቀቱን ከፍ ዝቅ ስናደርግ፣ ካቶዱን ይበላብን የነበረው ገረባው ውስጥ ያለ ጨው ነበር። ይህን ነው አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ እንደ አንድ ምሳሌ የጻፍኩት። በጊዜው ለእኔም ትንሽ ነገር መስሎኝ ነበር።

አቶ አለምብርሃን ሦስት ጊዜ አነበበው። ደስ ይለዋል ስል "እጽዋት ማጠብ አዲስ አይደለም" አለኝ። "በተራ ውሃ ከመታጠቡና በራሱ ውሃ ሦስት ቀን ኮምጥጦ ከመታጠቡ መካከል ልዩነት እንዳለ በቁጥር ያሳዩኝ። የሙያው ሰው ሊገምተው የማይችል ልዩነት።"

ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ወር የመብራት ወሬ ነው። ሦስት ዓይነት ካቶድ ሠርቼ ጎን ለጎን መለኪያው ላይ ሰካሁ። ስልሳኛው ዙር ላይ መብራት ሄደ፤ ሙከራው ተበላሸ። እንደገና ጀመርኩ። ዘጠና ላይ ሄደ። ጄኔሬተሩ ነዳጅ የለውም፣ ነዳጅ ሲገኝ ቁልፉን የያዘው ሰው የለም። አንድ ቀን መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ሃምዳ ጆንያዋን ይዛ ገባችና አየችኝ። ጎኔ ተቀመጠችና "ፍየል እንኳን የጠላውን ትቶ የወደደውን ይፈልጋል፣ ተነሺ አቦ" አለችኝ። ተነሳሁ። በሦስተኛው ሙከራ ተሳካ። ያልታጠበው በሰማንያ ደከመ፣ በተራ ውሃ የታጠበው በመቶ አርባ፣ የኮመጠጠው ግን ሦስት መቶም ሞልቶ ጉልበቱ አልተነካም።

መልሴን ያስገባሁት መጋቢት መጨረሻ ላይ ነው። ዘጠኙን ጥያቄ ሰርዤ በምትካቸው ማኮምጠጡን የያዘች አንድ ብቻ ጻፍኩ። የፈጠራ ሠራተኞች በሚለው ሥር ሁለት ስም አለ፤ የእኔና የሃምዳ። አቶ አለምብርሃን በስልክ "ይቺ ሁለተኛዋ ማን ናት? ምን ሠራች?" ብሎ ጠይቆኝ ነበር። "እኔ ያላየሁትን አየች" አልኩት። ከዚህ በላይ አልጠየቀም። ሃምዳ ግን አሻራዋን ስታሳርፍ ስቃብኛለች። "ፍየል ያወቀውን ነው የነገርኩሽ፤ ለዚህ ደግሞ ቀለም?" አለች። ከዚያ ወረቀቱን አዙራ "ስሜ የቱ ጋ ነው? አንብቢልኝ" አለችኝ። ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ።

ያንተን ስም አውጥቼዋለሁ። ይህን ከእኔ እንድትሰማው ነው የምነግርህ፤ ለበቀል አይደለም። በቀረው ጥያቄ ውስጥ አንተ የሠራኸው ነገር ስለሌለ ነው። አንተ የሠራኸው በሙሉ ያንተ ጽሑፍ ውስጥ አለ፤ ዓለምም ሊጠቀምበት ይችላል። እኔ የሠራሁትም እዚያው ውስጥ አለ፤ ያንን ግን ማንም አያውቅም።

ባለፈው ሰኞ መልሱ መጣ። አንዷ ጥያቄ ተቀባይነት አግኝታለች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ሃምዳማ እልል ብላለች። እኔ ግን ወረቀቱን ይዤ ስቀመጥ የታየኝ የወደቁት ዘጠኙ ናቸው። ከገረባ ከሰል ካቶድ ማልበስ የእኛ ይሆን ነበር፣ ኒቆ። የድሬ ይሆን ነበር። አሁን የማንም ነው፤ የእኛ የቀረው ማኮምጠጡ ብቻ ነው። የጠፋው በሌባ ቢሆን እረግም ነበር። በአንድ ፊርማ ነው የጠፋው፤ የማንን እጅ ልርገም?

ይህን ሁሉ ጽፌ ልጨርስ ስል ግን ሌላ ነገር መጣ፤ እውነቱን ለመናገር ከፓተንቱ ይልቅ ይህ ነው ብዕር ያስነሳኝ። ትናንት ሶፊ ስልኬ ላይ ስምህን ጽፋ ስትፈልግ ያንን ሁለት ገጽ አገኘችው። የአባቷ ስም ሲወጣ ጮኸች፣ ለጎረቤት ልጆች ሁሉ አሳየች። ከዚያ ፎቶውንና ሥሩ የተጻፈውን የአሥራ ሰባት ቁጥር አይታ "ይሄ አንቺ ወንፊት ይዘሽ ስታስነጥሺ የነበረው አይደል?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ስሞቹን አንድ በአንድ በጣቷ ቆጥራ "እማ፣ ያንቺ የቱ ጋ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ።

"ሲያትሙት ረስተውት ነው" አልኳት።

አላመነችኝም መሰለኝ፤ ስልኩን ዘጋችና ወጣች። ለእሷ ዋሽቼ አላውቅም ነበር፣ ኒቆ። ሁለተኛ አልዋሽላትም። እሁድ ስትደውል እንደ ወትሮው አቀርባታለሁ፤ እንደምትጠይቅህ አውቃለሁ፣ ጥያቄውን ስትለማመደው ሰምቻታለሁ። አትቸኩል። ለእኔ ያልነገርከኝን ለእሷ ንገራት። እኔ ወጥ ቤት እሆናለሁ፤ በሩን አልዘጋውም።

እግዚአብሔር ጤናህን ይጠብቅ፤ ያሰብከውን ያሳካልህ። እናትህንና ልጅህን በዓይነ ሥጋ ለማየት ያብቃህ።

እፀገነት ወልደጻድቅ