ኸድራን ያልገደልኩበት ቅዳሜ

ውድ ዐዋጢፍ፤

ከሁሉ በፊት፣ ልጅሽ ዐርዋ ደህና ናት። አልቆሰለችም፣ አልታመመችም። ከጎረቤትሽ ከሳሊማ ጋር ድንበሩን ተሻግራ አሶሳ አጠገብ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ አለች። ይህን ከሰማሽ በኋላ ሬዲዮኑ ቢቋረጥብሽም ግድ የለም፤ ዋናው እሱ ነው። ካልተቋረጠብሽ ደግሞ ቁጭ በይና ቀሪውን ስሚኝ።

ዛሬ ቅዳሜ በዚህ ሰዓት ኸድራ ልትሞት ነበር። አሟሟቷን ጽፌ ጨርሼዋለሁ። መንጌ አጠገብ ወርቅ ስትፈልግ ጉድጓዱ ይደረመስባታል፤ ታረቀኝም አህያውን እየጎተተ ሲደርስ ሰው ተሰብስቦ ያገኛል። በሱ ፈንታ ይህን ደብዳቤ ነው የማነብልሽ። የምልክበት አድራሻ የለኝም። የጣቢያችን ድምፅ ግን ሰማዩ ሲጠራ የድንበሯን ከተማ ኩርሙክን አልፎ እንደሚሰማ ሾፌሮች ይነግሩኛል።

ኸድራንና ታረቀኝን ላንቺ ማስተዋወቅ የለብኝም። አድማጩ ግን የእኔ ፈጠራ ብቻ ስለሚመስሉት ከየት እንደመጡ ዛሬ እሱም አብሮሽ ይስማ።

እናትሽ ግቢ እየኖርኩ ስማር ነው። የእኔ ወላጆች ከወሎ በሰፈራ የመጡ፣ አምባ ዘጠኝ የሚያርሱ ገበሬዎች ነበሩ። ከዚያ አሶሳ እየተመላለሱ መማር ስለማይሆን አባቴ እጄን ይዞ እናትሽ ዘንድ መጣ። እሷም ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ ሴቱን ሁሉ ወንድ በሚያደርገው አማርኛዋ፣ "ልጁ ጎበዝ ነው። ከዐዋጢፍ ጋር ይተኛል" አለችው። አባቴ ክው ብሎ "ኧረ ሴት ናት እማማ!" ያለውን እያስመሰልሽ ስንት ዓመት ሳቅሽብኝ።

በዚያ ክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ከቤት መውጣት ሲያቅተን፣ "ሰብሊ፣ ሰው እንፍጠር" አልሽኝ። እኔ ታረቀኝን አመጣሁ። ጨውና ሳሙና በአህያ ጭኖ የሚዞር፣ ከባምባሲ መንጌ እሄዳለሁ ብሎ ተነስቶ ቶንጎ የሚገኝ የወሎ ሰው። አነጋገሩን ከአባቴ ወሰድኩለት። በጠፋ ቁጥር ዞር ዞር ብሎ ያይና "መንገዱማ አለ፤ የጠፋሁት እኔ ነኝ" ይላል። አንቺ ኸድራን አመጣሽ። ባሏ የሞተባት፣ ወንዝ ዳር ወርቅ የምታጥብ፣ ንጉሥ ቢመጣ ከቦታዋ የማትነሳ የበርታ ሴት። የእሷን አነጋገር ደግሞ ከእናትሽ ወሰድሽላት። ታረቀኝ የትም ይጥፋ የት፣ በመጨረሻ የሚደርሰው እሷ ደጅ ነው። "አንተ ታረቀኝ!" ትይዋለሽ ወገብሽን ይዘሽ፤ "ይሄ አህያ ካንተ ይሻላል ወላሂ። እሱ ቤቱን ያውቃል።"

ታረቀኝን እኔ ብቻ፣ ኸድራን አንቺ ብቻ ነበር የምንናገረው። አንድ ቀን ሰለቸኝና ሌላ ሰው እንፍጠር አልኩሽ።

"ለምን?" አልሽ። "እነዚህን እኮ እናውቃቸዋለን። ሌላ ቦታ እንላካቸውና ምን እንደሚሆኑ እንይ።"

ላክናቸው። አንዴ ፍርድ ቤት ቆሙ፤ አንዴ የማያውቁት ሰው ሰርግ ላይ ተገናኙ፤ አንዴ አንድ አይሱዙ ላይ ተሳፍረው ወንዝ ሞላባቸው። ከአንዱ ታሪክ ወደሌላው ሲሻገሩ ያለፈውን አያስታውሱም። ትናንት የሞተው አህያ ዛሬ ሣር ይግጣል። "ይሄማ ልክ አይደለም፣ ሞቷል እኮ!" ብዬ ስሟገትሽ "ተይው ይብላ" ብለሽ ነገሩን ዘጋሽው።

ከዚያ ሙዳሲር መጣ። ሱዳን፣ ደማዚን ከተማ ሱቅ ያለው፣ ጨዋ፣ ሳቂታ ሰው። ልጠላው ሞክሬ አቃተኝ፤ ብጠላው ይቀለኝ ነበር። አግብተሽ ሄድሽ፤ እዚያ አስተማሪ ሆንሽ። ስንደዋወል ሰላምታሽ "ታረቀኝ የት ደረሰ?" ነበር፤ እኔም "ጠፍቷል" እልሻለሁ፤ ከዚያ ነው ወደ ጤናና ወደ ዝናብ የምንገባው። ለመጨረሻ ጊዜ የተያየነው እናትሽን ልትቀብሪ በመጣሽ ጊዜ ነው። ግቢው አሁን የሌላ ሰው ነው። በዚያ በኩል ሳልፍ ወደ ውስጥ አላይም።

ሬዲዮ ጣቢያ ተቀጥሬ ለቅዳሜ ታሪክ ጻፊ ሲሉኝ ሌላ ሰው አልመጣልኝም። መጀመሪያ አብረን ያወራናቸውን ጻፍኩ። አድማጩ ወደዳቸው፤ ባጃጅ ውስጥ ሰው "መንገዱማ አለ" ሲል መስማት ጀመርኩ። የእኛዎቹ ሲያልቁ ግን ብቻዬን መፍጠር ነበረብኝ። ታረቀኝ አላስቸገረኝም። ኸድራ ግን እምቢ አለችኝ። እናትሽ የምትናገረውን አማርኛ አንቺ ስትናገሪው ፍቅር ነበረው፤ ያው ቃል ከሰፋሪ ልጅ ብዕር ሲወጣ ፌዝ መሰለብኝ። አስተካክዬ ስጽፈው ደግሞ ኸድራ መሆኗ ቀረና እንደ ዜና አንባቢ ተናገረች። ስለዚህ ቃሏን እያሳነስኩ እያሳነስኩ ሄድኩ። በመጨረሻ ታረቀኝ ሲመጣ ውሃ ሰጥታው ዝም የምትል ሴት ሆነች።

አብዱልረሂም የሚባሉ ሽማግሌ ከመንጌ ደወሉልኝ። "አንቺ ልጅ፣ ኸድራ ታመመ እንዴ? ዱሮ ይናገራል። አሁን ውሃ ብቻ ይሰጣል።"

"አልታመመችም አባባ።"

"ታዲያ ማን ነው ያስቀየመው?"



አባቴና እናቴ ተከታትለው አረፉ። ትዳርም አልሆነልኝም፤ ያንን ታውቂዋለሽ። ከሥራ ስገባ ቤቱ እንደዘጋሁት ይጠብቀኛል፤ ብርጭቆው ያስቀመጥኩት ቦታ ነው፣ ወንበሩም ያስቀመጥኩት ቦታ ነው። ራት እየበላሁ አንዳንዴ ታረቀኝን ጮክ ብዬ እናገራለሁ። ከዚያ ተራው የኸድራ ስለሆነ ዝም እላለሁ። ምግቡ እስኪበርድ ዝም እላለሁ።

ጦርነቱ ደማዚን አጠገብ ደረሰ ሲባል ስልክሽ መጥራት አቆመ። ከኩርሙክ የሚመጣ ሾፌር ሁሉ ስምሽን ከእኔ ሰምቷል። ዐዋጢፍ የምትባል አስተማሪ፣ ባሏ ሙዳሲር፣ ግንባሯ ላይ ትንሽ ጠባሳ ያላት እያልኩ። አንዱ አይቻታለሁ ይልና ሌላ ሴት ሆና ትገኛለች። ቆይቶ ሾፌሮቹ ከሩቅ ሲያዩኝ ራሳቸውን ይነቀንቁልኝ ጀመር፤ እንዳልጠይቃቸው።

ኸድራን ለመግደል የወሰንኩት ያኔ ነው። ዐዋጢፍ፣ ለሞተ ሰው ቢያንስ ልቅሶ አለ። ድንኳን ይተከላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይዞ ይመጣል፣ አጠገብሽ የሚቀመጥ ሰው ታገኛለሽ። ወሬው ለጠፋ ሰው ግን ማን ይደርስልሻል? ኸድራ ብትሞት ሰው ደውሎ "እግዜር ያጥናሽ" ይለኛል ብዬ አሰብኩ። ያንን ቃል ከአንድ ሰው አፍ መስማት ፈልጌ ነበር።

እዩኤል፣ የፕሮግራማችን አዘጋጅ፣ ጽሑፉን አንብቦ መነጽሩን አወለቀ። "ሰብለወንጌል፣ ይህ እኮ ልብ ወለድ አይመስልም። የምታውቂው ሰው የሞተ ነው የሚመስለው።"

"ይቅረፅ" አልኩት።

ረቡዕ ዕለት መጠለያው ውስጥ ስለተከፈተው ትምህርት ቤት ዘገባ ልንሠራ አብረን ሄድን። እዩኤል ኃላፊዎቹን ሲያነጋግር እኔ በሸራዎቹ መሃል ወጣሁ። አንድ ዳስ ሥር ልጆች ተሰብስበው ይስቃሉ፤ መሃላቸው አንዲት ቀጭን ልጅ ቆማ በዐረብኛ ታወራለች። እናትሽ ቤት የለቀምኳት ዐረብኛ ብዙም አይደለች፤ ግን ባሕር፣ መርከብና አህያ የሚሉትን ያዝኩ። አህያው መርከብ አልገባም ብሏል። ከዚያ ልጅቷ ድምፅዋን አወፈረችና "ታረገኝ!" አለች።

መሬት ላይ፣ ልጆቹ መሃል ተቀመጥኩ።

ያን ታሪክ አልጻፍኩትም። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ታረቀኝም እኔ ዘንድ ሆኖ ከወንዝ ያለፈ ውሃ አላየም። አንቺ ነሽ ፖርት ሱዳን ድረስ የላክሽው። ለካ በየሄድሽበት ስታሻግሪያቸው ኖረሻል፤ ዐርዋ በኋላ እንደዘረዘረችልኝ፣ ካርቱም ድልድይ ላይ፣ ሰናር ባቡር ጣቢያ፣ እኔ በስም ብቻ የማውቃቸው ቦታዎች ሁሉ ደርሰዋል።

ታሪኩ ሲያልቅ ልጅቷን በዚያችው ዐረብኛዬ ከማን እንደሰማችው ጠየቅኋት።

"ከእናቴ" አለችኝ።

"እናትሽ ማን ትባላለች?"

"ኡስታዛ ዐዋጢፍ።"

ሰብሊ እባላለሁ አልኳት። አየችኝ፤ አላመነችኝም። ልክ ነበረች፤ እንደዚያ ባለ ቦታ ማንም መጥቶ ማንንም ነኝ ሊል ይችላል። "ሰብሊ ከሆንሽ ታረገኝን ተናገሪ" አለችኝ።

ተናገርኩ። በአባቴ አንደበት፣ አንገቴን ዞር ዞር እያደረግሁ፣ "መንገዱማ አለ፤ የጠፋሁት እኔ ነኝ" አልኳት። ልጅሽ ወገቧን ያዘች። አማርኛ እንደማታውቅ በኋላ ሳሊማ ነገረችኝ። ግን በእናትሽ ድምፅ፣ ያችው ራሷ ግቢዋ በር ላይ የቆመች እስኪመስለኝ፣ "አንተ ታረገኝ! ይሄ አህያ ካንተ ይሻላል ወላሂ!" አለችኝ። ቃሉን ምን ማለት እንደሆነ ሳታውቅ ከነቁጣው፣ ከነትንፋሹ አጥንታዋለች። ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረና ደረቴ ላይ ወደቀች። ሁለታችንም አለቀስን።

ቀሪውን ቀስ እያለች በዐረብኛ የነገረችኝ ሳሊማ ናት። ሙዳሲር ለሱቁ ዕቃ ሊያመጣ ሰናር ሄዶ መንገዱ እንደተዘጋበት፤ እናንተ በእግር ስትወጡ አማትሽ መራመድ እንዳቃታቸው፤ መንገድ ላይ የተገኘችው ፒክአፕ ሁላችሁንም እንደማትይዝ።

"ዐርዋን አቅፋ አስገባቻት" አለችኝ ሳሊማ። "ግቢ አንቺ፣ አሮጊቷን እኔ እጠብቃለሁ ብያት ነበር። 'የእሱ እናት ናቸው፣ እኔ ነኝ ያለሁላቸው' አለችኝ። ከዛፉ ሥር እጇን እያወዛወዘች ነበር። ከዚያ አቧራው ሸፈናት።"

"ከዚያ ወዲህስ?"

ሳሊማ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። የምታውቀው እስከዚያ ነው።

ዐርዋን ወደ ቤቴ ልወስዳት ለመንኳት። ትምህርት ቤት አስገባሻለሁ፣ የእናትሽን ከተማ አሳይሻለሁ አልኳት። "እናቴ መጀመሪያ የምትመጣው እዚህ ነው" አለችኝና እምቢ አለች። ግትርነቷ ያንቺ ነው። ስለዚህ እኔ እመላለሳለሁ። ልብስ ወስጄላታለሁ፤ ጫማው ጠቧታል፣ እቀይረዋለሁ።

በማግስቱ እዩኤልን ኸድራ አትሞትም አልኩት።

"ተቀርጿል እኮ!" አለኝ። "በማስታወቂያም ተናግረናል።"

"ልገድላት አልችልም። የእኔ ብቻ አይደለችም።"

"ታዲያ ቅዳሜ ምን እናስተላልፍ?"

ይኸውልሽ፣ ይህንን ነው የምናስተላልፈው።

በሕይወት መኖርሽን አላውቅም። ሌሎቹ ሰዎች እንደሚሉት "ትመጣለች፣ አይዞሽ" ልልም አልደፍርም፤ ለዐርዋም እንደዚያ ብዬ አልማልኩላትም። የምምልልሽ እኔ ለምችለው ነገር ነው። ልጅሽ እናቷን ስትጠብቅ ብቻዋን አትጠብቅም። ይህን የሚሰማ፣ ግንባሯ ላይ ጠባሳ ያላት፣ አንዲት አሮጊት ይዛ የምትሄድ አስተማሪ ያየ ሰው ካለ፣ ዐርዋ ደህና ናት ብሎ ይንገራት። ሌላውን ባያስታውስም እሱን ብቻ ይንገራት።

አንድ ነገር ቀረኝ። ረቡዕ ልንመለስ ስንል ቧንቧው ጋ የውሃ ወረፋ አየሁ። ሰው ፀሐዩን ሸሽቶ ጥላ ሥር ተቀምጧል፤ መሬት ላይ የተሰለፉት ጀሪካኖቹ ናቸው። መሃላቸው አፏ የተሰበረ ትንሽ ቢጫ ጀሪካን አለች። የማን እንደሆነች ዐርዋን ጠየቅኋት።

"የኸድራ" አለችኝ። "እናቴ ከእሷ ጋር ነው የምትመጣው። ሲደርሱ ይጠማቸዋል።"

ሳቅ የሚል ሰው ፈልጌ ዙሪያዬን አየሁ። ማንም አልሳቀም። ወረፋው ሲንቀሳቀስ ከኋላ ያለው ሰው የራሱን ጀሪካን ይገፋል፣ ከዚያ ያቺንም በእግሩ ገፋ ያደርጋታል። ቧንቧው ጋ ስትደርስ ባለቤቷ አልመጣችም፤ ዐርዋ ባዶዋን አነሳቻትና ወስዳ ወረፋው መጨረሻ ላይ መልሳ አስቀመጠቻት። እዩኤል መኪናው ውስጥ ሆኖ ጥሩምባ ይነፋል። እኔ ሄጄ ከጀሪካኗ ኋላ ቆምኩ፤ ወረፋው ሲንቀሳቀስም በእግሬ ገፋኋት።

የትም ሁኚ፣ ሰላም ሁኚ።

ሰብሊ
አሶሳ