በጨለማ የቀረው ጉንጭ

ጊንጪ፣ ግንቦት 11 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለማከብርዎት አጎቴ፣

እንዴት ሰነበቱ? ቤተሰቡስ ደህና ነው? እኛ አለን፤ ካሉት ይቁጠሩን። እናቴ ትንሽ ትንሽ መቅመስ ጀምራለች። እኔም ወደ ትምህርት ቤት ተመልሻለሁ። በአካል መጥቼ መናገር ይገባኝ ነበር፤ ግን «አንተ ልጅ፣ ዝም በል» ብለው እንደሚያስቆሙኝ ስለማውቅ ይህን ደብዳቤ በሚኒባስ ሾፌር እጅ ልኬዋለሁ።

ቅዳሜ አምቦ ላይ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። የእህቴ የጂቱ ባል ቀጀላ «ከጓሮው ደረጃ አዳልጧት ወድቃ ሞተች» ብሏል። ሽማግሌዎቹም አምነውት ሁለቱን ቤተሰብ ከአንድ ትሪ አብልተው ነገሩን ሊዘጉት ነው። አብረን ከበላን በኋላ እንዴት ሞተች ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። አባታችን ስለሌለ በእኛ በኩል የሚናገሩት እርስዎ ነዎት። የምጽፍልዎት ለዚህ ነው።

ማክሰኞ አምቦ የመጣሁ ጊዜ የጂቱን ፎቶ በፎቶ ቤትዎ መስኮት ላይ ትልቅ ተደርጎ አየሁት። ሁለት ሴቶች ቆመው «ውይ፣ የተሣለች እኮ ነው የምትመስለው!» ይባባሉ ነበር። ይህን የአንድ ወገን መብራት የጀመሩ ሰሞን ከተማው እንዴት እንደሳቀብዎት አልረሳሁም። ኦቦ አያና ፎቷቸውን ይዘው ተመልሰው «ግማሽ ፊቴን ለማን አስቀረህብኝ? ስሞት በየትኛው ሊለዩኝ ነው?» ያሉዎት ቀን እዚያው ነበርኩ። እርስዎም ሳይቆጡ የጥንት የፈረንጅ ሠዓሊዎች እንዲህ ይሥሉ እንደነበር፣ ብርሃን ከአንድ ጎን ብቻ ሲመጣ ፊት ነፍስ እንደሚዘራ አስረዷቸው። ያን ቀን ኮርቼብዎታለሁ።

ጂቱ ለገና የመጣች ቀን ግን ስለ ሠዓሊዎች አንድም ቃል አላወሩም።

እኔ ከጥቁሩ መጋረጃ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። እንደ ልማድዎ መጀመሪያ ሁለቱንም መብራት አብርተው አንድ ፎቶ አነሱ። ካሜራውን አዩ፤ ቀና ብለው ደግሞ እሷን አዩ። ሻርፗን ወደ ፊት ሳብ አደረገች። ግራ ጉንጯ ከዓይኗ ሥር እስከ ከንፈሯ ድረስ በልዞ ነበር። ምን ሆነሽ ነው አላሏትም። በግራዋ በኩል ያለውን መብራት አጠፉ፤ ወንበሩን ትንሽ አዞሩት፤ «አሁን ንግሥት መሰልሽ» አሏት። እሷም ሳቀች። የበለዘውን ጥላው ወሰደው።

ስንወጣ እጄን ይዛ «ለእማዬ እንዳትነግር፤ ልቧን ታውቀው የለ?» አለችኝ። እኔም አልነገርኩም።

ማክሰኞ ጉርድ ፎቶ አንስተውኝ በስልክ ለመነጋገር ወደ በረንዳ ሲወጡ ኮምፒዩተርዎ ላይ የገናውን ከፈትኩ። ያለ ፈቃድዎ ስለነካሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እርስዎ ፎቶ አይጥሉም፤ ዓይኑን የጨፈነውን ሰው እንኳ ያስቀምጣሉ። የሁሉም ሰው ፎቶ ከቁጥር አንድ ይጀምራል። የጂቱ ከቁጥር ሁለት ይጀምራል።

የመጀመሪያው ለምን እንደጠፋ ብዙ አሰብኩ። ቀጀላን «ጨዋ ልጅ ነው፣ እኔን እመኚኝ» ብለው ለእናቴ ያመጡት እርስዎ ስለሆኑ ይሆናል። ሰው እንዳይታዘብዎት ፈርተው ይሆናል። አልጠይቅዎትም። ፎቶው ባይኖርም ያየው ዓይንዎ አለ። ቅዳሜ ትሪው ከመቅረቡ በፊት ያዩትን ይናገሩ። እርስዎ ካሉ ይሰሙዎታል፤ የእኔን ግን ልጅ ነው፣ ሐዘኑ ነው የሚያናግረው ይላሉ።

ዝም ካሉ ግን እኔ እነሳለሁ። የምጀምረውም ከራሴ ነው፦ ከገና ጀምሮ እስከ ቀብሯ ድረስ እያወቅኩ ዝም ያልኩ ወንድሟ ነኝ እላለሁ። ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ «ሌላስ ማን አየ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። እናቴም እዚያው ትቀመጣለች።

እስከ ቅዳሜ እግዚአብሔር በሰላም ያድርስዎት። ለመናገርም ብርታቱን ይስጥዎት።

አክባሪዎ፣
የእህትዎ ልጅ