ደንባራ ያለኝ ሰው

ለውድ እህቴ ለጽጌሬዳ፦

እንደምን ከረምሽ እታለም? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ጋሼ ጥላሁን ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ እንደምን አላችሁልኝ? እኔና ልጄ እምነት፣ ናፍቆትሽን ካልቆጠርነው ምንም አልጎደለብንም፤ ተመስገን።

ባለፈው የእምነት ጋብቻ ለምን ቀረ ብለሽ ብትጠይቂኝ ዝም ያልኩሽ አንጀቴ አርሮ ነው። አሁን ልንገርሽ። እዚህ ራጉኤል አጠገብ ከሱቄ ጎን ጨርቅ የሚሸጠው ሀብተሚካኤል «ደንባራዋ» የሚል ስም አወጣልኝ። የጨርቅ ጣቃ እስከ መጨረሻው ሳልዘረጋ ስለማልገዛ፣ ሱቅ ስዘጋም ቁልፉን ሦስቴ ስለምነካካ ነው። እኛ አገር ደንባራ የምትባለው በቅጠል ኮሽታ ደንግጣ ጌታዋን የምትጥል በቅሎ እንደሆነች አንቺም ታውቂያለሽ። ተሸካሚው ሁሉ በዚህ ስም ሲጠራኝ ስቄ አለፍኩት። እምነትን ሊጠይቁ ያሰቡት ሰዎች ስለ ቤታችን ለማጣራት ሲመጡ ግን እሱን አገኙት። እናትየዋ ደንባራ ናት፣ ልጅቱም እሷን ነው የወጣችው አላቸው። በዚያው ቀሩ።

ቂም ያዝኩበት፤ ካንቺ አልደብቅም። ከወር በፊት አንድ ሰው የሚሸጥ ጣቃ ይዞልኝ መጣ። እንደልማዴ ዘርግቼ ባየው ውስጡ ሻግቷል፤ መለስኩለት። ሰውየው ቀጥሎ ወደ ሀብተሚካኤል ሱቅ ገባ። ሀብተሚካኤል ብቅ ብሎ ዕቃውን አይተሽዋል ወይ አለኝ። «የደንባራ ዓይን ምን ይታመናል?» አልኩት። ስቆ ገዛው። በማግስቱ ለደንበኛ ሊቆርጥ ሲዘረጋ ሻጋታው ወጣ፣ ሰፈሩም ሳቀበት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ሻጋታውን አይቼ ያልነገርኩት ለምን እንደሆነ ገብቶት ኖሮ ባለፈው ሳምንት ሽማግሌ ይዞ ይቅርታ ሊጠይቅ መጣ። እኔም፣ ስሜን ያጠፋህባቸው ሰዎች ቤት ሄደህ፣ ደንባራ ያልኳት አጥብቃ የምታይ ሴት ናት ብለህ ካልተናገርክ ይቅርታ የለም አልኩት። ቢለምነኝም አልተመለስኩም። ሽማግሌዎቹ ፈረዱልኝ፤ የፊታችን እሑድ ሊሄድ ነው።

ይህን ለእምነት ስነግራት ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? «በአንድ ቃል የሸሸ ሰው ምን ያደርግልኛል እማ? ደንባራስ እሱ ነው።» እውነቷን ነው፤ ጋብቻው በቃ ቀርቷል። ለሀብተሚካኤል ግን አልነገርኩትም፣ አልነግረውምም። ኮቱን ለብሶ ሄዶ፣ ደጃቸው ቆሞ፣ በገዛ አፉ እውነቷን ይናገራት።

ጋሼ ጥላሁንን ሰላም በይልኝ። ልጅሽ አሸብርን ጎበዝ ተማር በይው፣ ጎረቤትሽ እትዬ ሙሉነሽንም ጉልበት ሳሚልኝ። ስለ እሑዱ ግን አደራ፣ ለማንም እንዳትናገሪ።

እህትሽ እቴቴ
መርካቶ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.