ጎጆአችን ከሚነሣ ምትዎ ቢቃና

ለክቡር አቶ ምስክር አልታዬ
የወይራ ሜዳ ስፖርትና መዝናኛ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎንስ እንዴት አድርጎዎታል? ይህን የምጠይቀው ለሰላምታ ወግ ብቻ አይደለም፤ ማክሰኞና ቅዳሜ ጠዋት ከሜዳው የሚሰማኝ የዱላዎ ፉጨት የሰው ወገብ በደኅና የሚያቆይ ስላልመሰለኝ ከልብ አስቤልዎት ነው። ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለመላው ጽሕፈት ቤትዎ ጤናና ዕድሜ፣ ለኳስዎም ቀና መንገድ እመኛለሁ። ከሜዳው በስተቀኝ፣ ከደብሩ ቅጥር ሥር የምንኖር የዜማ ተማሪዎችና መምህራቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይህች ደብዳቤ እስከተጻፈችበት ሰዓት ድረስ በሕይወት አለን።

እኔ መሪጌታ ወልደሩፋኤል እባላለሁ። የዓይኔ ብርሃን ከጠፋ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል፤ ቃሌን ተቀብላ የምትጽፍልኝ በመካነ ሰላም ከተማ አስተማሪ የሆነችው ልጄ ሊድያ ናት። ድፍረቴን አስቀድመው ይቅር እንዲሉኝ ስለምንዎ የማቀርበው ማስረጃ አባቶቻችን «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ያሉትን ነው። ዘንድሮ ሣሩ እንዳይጎዳ ብለው በሜዳው ላይ የገና ጨዋታን ስለከለከሉ፣ ገበሬው በዓመት አንድ ቀን ዱላውን ይዞ ሹሙን እንዳሻው የሚናገርባት ዕለት ሳትውል ቀርታለች። እንግዲህ ያችን የቀረችብንን ዕለት በዚህ ወረቀት ላይ ብናውላት ጌታዬ እንደማይቆጡ እተማመናለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልናገር። ክቡርነትዎ አምና ለልምድ ልውውጥ አዲስ አበባ ሄደው ሲመለሱ አንድ ከረጢት ሙሉ የጎልፍ ዱላ ይዘው መጡ። ከዚያም በሜዳው ላይኛ ጫፍ ቆመው፣ በታችኛው ጫፍ ባንዲራ ወደተተከለበት ጉድጓድ ትንሿን ነጭ ኳስ ማድረስ ይለማመዱ ጀመር። ቱሪስት ይመጣል ተባለ፤ ከብቱ ከሜዳው ወጣ፤ አጥር ታጠረ። ኳሱ ግን ባንዲራው ጋ መድረስን አልወደደም። ተነሥቶ ጥቂት ቀጥ ብሎ ይሄድና፣ የቤቷ መንገድ ትዝ እንዳላት በቅሎ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። በስተቀኝ ያለነው ደግሞ እኛ ነን፤ አሥራ ስድስት ተማሪዎች፣ ጎጆዎቻቸው፣ የእኔ ጎጆና ዜማ የምንማርባት ዳስ።

ስለዚህ ቅሬታዬን፣ ይልቁንም ምስጋናዬን፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. በኅዳር ወር ከኳሶችዎ አንዷ የዳሱን ክዳን በስታ ገብታ ከበሮአችንን ስለቀደደችው አመሰግናለሁ። አቤት ባልን በሳምንቱ ጽሕፈት ቤትዎ ፈጥኖ ሰባት ቢጫ የግንባታ ቆቦች ልኮልናል። እኛ አሥራ ሰባት ራሶች ነን፤ የቀሩት አሥሩ ራሶች ምን ጎድሏቸው እንደተተዉ ከቆቦቹ ጋር የመጣው ደብዳቤ አያብራራም። ለእኔ የደረሰኝ ከጥምጥሜ በላይ አልገባ ስላለ ሊድያ ሽንኩርት ታስቀምጥበታለች።

2. ኳሱ ባንዲራው ጋ አልደርስ ሲል ባንዲራው ወደ ኳሱ እንዲሄድ መደረጉ፣ በእውነቱ በዚህ አገር ታይቶ የማያውቅ ትሕትና ነው። ኮሚቴዎ በቃለ ጉባኤ «አብዛኛው ኳስ የሚያርፍበት ቦታ ተለክቶ ባንዲራው በዚያው ይተከል» ብሎ በኅዳር መጨረሻ ሠላሳ እርምጃ፣ በታኅሣሥ ደግሞ ሌላ አርባ እርምጃ ወደ ቀኝ አዛውሮታል። የዒላማ ስኬትም በእጅጉ አደገ ተብሎ ለበላይ ሪፖርት መደረጉን ሰምተን ደስ ብሎናል። የተጎዳ ቢኖር ከሜዳው ግርጌ ገብስ የሚያርሰው ጎረቤታችን ሙሐሲን ነው። ቀድሞ ከሥራው ሲያርፍ ሄዶ ባንዲራው ሥር ይቀመጥ ነበር። አንድ ቀን እንዳይመታ ሰግቼ ብጠይቀው «አብሽሩ የኔታ፣ ወላሂ ከዚህ የበለጠ ሰላም ቦታ የለም፤ እዚህ የሚደርስ ኳስ አላየሁም» ብሎኝ ነበር። ባንዲራው ከተዛወረ ወዲህ ምስኪኑ ማረፊያ አጥቶ ይንከራተታል።

3. በጥር ወር የደረሰን ደብዳቤ ደግሞ ከሁሉ የላቀ ነው። ባንዲራው በሦስተኛው ዙር የሚያርፈው በዳሳችን መካከል ስለሆነ፣ እስከ መጋቢት አንድ ቀን ጎጆዎቻችንን ነቅለን እንድንነሣ ታዝዘናል። ኳሱ ለሚወድቅበት ቦታ ይህን ያህል ማሰብዎ ያስደንቃል፤ አበው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ያሉት ግን ስለ ሌላ ሰው ሳይሆን አይቀርም።

ክቡር ሆይ፣ ኳስ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው በዓይነ ጥላ አይደለም። ሊድያ ከስልኳ ላይ የጎልፍ አስተማሪዎችን ትምህርት አውጥታ አንብባልኛለች፤ በአጥሩ ቀዳዳም ተመልክታ አመታትዎን አንድ በአንድ ነግራኛለች። የቀረውን በጆሮዬ ጨርሼዋለሁ። ጎጆ ከመንቀል ይልቅ ምት ማቃናት ይቀላልና እነሆ።

ስለ አጨባበጥዎ፦ ዱላውን እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሌባ፣ ጣትዎ እስኪነጣ ድረስ ያንቁታል አሉ። ጸናጽል አንቆ የሚይዝ ሰው ድምፁን ይገድለዋል። አንጓዎ ሲደርቅ የዱላው ፊት መመለስ ያቅተውና ወደ ቀኝ እንደተከፈተ ኳሱ ላይ ይደርሳል፤ ኳሱም የታዘዘውን ይፈጽማል። ላላ አድርገው ይያዙት፤ ከእጅዎ የሚነጥቅዎ የለም።

ስለ አቋቋምዎ፦ ኳሱ ወደ ቀኝ እየሄደ ቢያስቸግርዎ እግርዎንና ትከሻዎን ወደ ግራ አዙረው መቆም ጀምረዋል። ብልሃት ይመስላል፤ ነገር ግን ወደ ግራ በዞሩ ቁጥር ዱላው ኳሱን ከውጭ ወደ ውስጥ ገምሶት ስለሚያልፍ ኳሱ ይብሱን ወደ ቀኝ ይሾራል። አንድ መቋሚያ ወደ ባንዲራው አቅጣጫ መሬት ላይ ያጋድሙ፤ የሁለቱንም እግሮችዎን ጣቶች ከእርሱ ጋር አስተካክለው ይቁሙ፤ ትከሻዎም እንደዚያው ይሁን። መቋሚያ ከሌለዎ እኛ እናውስዎታለን።

ስለ ጥድፊያዎ ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ የደረስኩበት ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የገና ጨዋታ ስሰማ ኖሬአለሁና፣ ደኅና የሚመታ ገበሬ ዱላው የሚያፏጨው ኳሱ ጋ ሲደርስና ካለፈ በኋላ እንደሆነ አውቃለሁ። የእርስዎ ዱላ ግን ገና ከትከሻዎ ሳይወርድ አፏጭቶ ይጨርስና ኳሱ ጋ ሲደርስ ዝም ይላል። ይህም ማለት ከላይ በክንድና በትከሻ ቸኩለው ይጀምራሉ፤ ቀድሞ መዞር የሚገባው ወገብ ወደ ኋላ ይቀራል። ትንፋሹን መግቢያው ላይ ጨርሶ መካከል ላይ የሚያጣጥር ተማሪ ሁልጊዜ ይገጥመኛል። ዱላውን ወደ ላይ ሲያወጡ ቀስ ይበሉ፤ ሲመልሱ ወገብዎ ይቅደም፤ ክብደትዎ ወደ ግራ እግርዎ ይሻገር፤ እጅ የመጨረሻ ይሁን። ፉጨቱን ከኳሱ ወዲያ ማዶ ሲሰሙት ያን ጊዜ ድነዋል።

የመጨረሻው ቀና ማለትዎ ነው። ኳሱ ገና ከመሬት ሳይነሣ የት እንደደረሰ ለማየት፣ ወይም ማን እንዳየዎ ለማየት፣ ራስዎን ያነሣሉ፤ ራስ ሲነሣ ትከሻ ይከተላል፤ ዱላውም መስመሩን ይለቃል። እባክዎ አይቸኩሉ፤ ዓይንዎን ኳሱ ከነበረበት ሣር ላይ አይንቀሉ። ኳሱ የት እንደወደቀ እኛ እንነግርዎታለን።

ሠላሳ አራት ዓመት ድጓ አስተምሬአለሁ። ተማሪ ዜማ ሲስት ከመስመሩ ራስ አስጀምረዋለሁ፤ ሦስት ጊዜ ቢስት ሦስት ጊዜ፣ አሥር ጊዜ ቢስት አሥር ጊዜ። አንዳንዱ አልቅሷል፤ አንዳንዱም ተቆጥቶ ወደ ከላላ ወረዳ ሄዶ ሌላ መምህር ፈልጓል። ለተማሪ ስህተት ብዬ ግን አንድም ቀን ድጓውን አርሜ አላውቅም። እርስዎም ቢመጡ በዚሁ ሥርዓት እቀበልዎታለሁ፤ ቆሎዎን ይዘው መምጣት፣ ከታች መቀመጥና ሲስቱ ስቻለሁ ማለት ብቻ ይበቃል። የመጨረሻውን ለመልመድ ጊዜ ሊወስድብዎ እንደሚችል እረዳለሁ።

አሁን ቀልዱን ትቼ አንድ ነገር ልንገርዎ። ሐኪም ዓይኔ እንደማይድን የነገረኝ ጊዜ ገና ጥቂት አይ ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ዓይኔን እየጨፈንኩ ይህችን መሬት ተለማመድኳት፤ ከጎጆዬ እስከ ዳሱ ሃያ ሁለት እርምጃ፣ ከዳሱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሥልሳ አንድ፤ ከበሩ በፊት እግር የሚያደናቅፍ ድንጋይ አለ፤ ውርጭ ሲጥልበት ያንሸራትታል። ሌሊት ለማኅሌት ስነሣ ማንም እጄን ሳይዘኝ እደርሳለሁ። ሰው ሳይመራኝ የምሄድባት መሬት ከዚህች በቀር የለኝም። ሌላ ስፍራ ቢወስዱኝ ሰው እጅ ላይ እወድቃለሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ አዲስ መሬት ለመልመድ የሚሆን ዓይን የለኝም። ፈርቻለሁ፤ ይህን መደበቅ አያስፈልገኝም። ተማሪዎቼም ገሚሶቹ ድጓውን ሳይጨርሱ እንደሚበተኑ አውቃለሁ፤ ጎጆ ሲነቀል ተማሪ እንዴት እንደሚበተን ከአንድም ሁለት ደብር አይቻለሁና።

ጽሕፈት ቤትዎ በምትኩ ከሜዳው በስተግራ ያለውን ተረተር ፈቅዶልናል፤ ውኃ የለውም እንጂ አየሩ መልካም ነው ይባላል። ስለ ቸርነትዎ እግዚአብሔር ይስጥልን። እኛም በበኩላችን ይህንን ማስተካከያ ለእርስዎ በነጻ አቅርበናል። ከሁለቱ የትኛው ለአገር እንደሚቀል እንዲፈርዱ ፍርዱን ለእርስዎው ትተናል።

እግዚአብሔር ወገብዎን ያጽናልዎ፣ አንጓዎን ያላላልዎ፣ ራስዎን በስፍራው ያቆይልዎ እያልኩ፣ በማክሰኞና በቅዳሜ የማይለዩኝ ጎረቤትዎ፣ በተሰጠኝ ቆብ ባልጠቀምም ውለታውን የማልረሳው፣

መሪጌታ ወልደሩፋኤል
ከወይራ ሜዳ በስተቀኝ

ግልባጭ፦
ለአቶ ሙሐሲን፣ ገብሱ መካከል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤው ተጽፎ ካለቀ በኋላ ሳይላክ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ሳለ ሊድያ አዲስ ወሬ ይዛ መጣች። ከደሴ አሠልጣኝ አስመጥተው ሁለት ሳምንት እንደተማሩና አጨባበጥዎን እንደለወጡ ሰማሁ፤ እንኳን ደስ ያለዎ። ባለፈው ቅዳሜ ከመቷቸው አሥራ ሁለት ኳሶች ወደ እኛ የመጣ አንድም የለም፤ አሥራ ሁለቱም ወደ ግራ ታጥፈው ሊሰጡን ባሰቡት ተረተር ላይ ወድቀዋል። ስለዚህ ጎጆአችንን ከመንቀላችን በፊት፣ በመጪው ዓመት ወዴት ሊስቱ እንዳሰቡ በማኅተም በተደገፈ ደብዳቤ እንዲያሳውቁን በትሕትና እንጠይቃለን።