ቢጫ ክር ለየሺ ቀሚስ

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 21። ጠዋት 3 ሰዓት

ዛሬም መልስ የለም። አራተኛ ቀኑ። ለየሺ የጻፍኩላት አንዲት መስመር ናት፤ ያን ጊዜ ጣና ዳር የለበስሽው ቀሚስ ቢጫ ነው ወይስ አረንጓዴ? ለዚህ አራት ቀን ይፈጃል? ኔትወርክ ነው እላለሁ። ባሕር ዳር ኔትወርክ የሚጠፋው ግን እኔ ስጠይቅ ብቻ ነው መሰለኝ።

ለፋሲካ ስንነጋገር ደከመኝ ብላ ቶሎ ዘጋች። ያኔም አላማረኝም። እህቴ ስታኮርፍ ደከመኝ ነው የምትለው። ከልጅነቷ አውቃታለሁ።

ሻዬ ቀዝቅዟል። የከሰዓት ፈረቃ ነኝ፣ የአረጋውያኑ ቤት ወጥ ቤት። ከዘጠነኛ ፎቅ ሲታይ ሰፈሬ ቶርንክሊፍ ገና ግራጫ ነው፤ ዛፉ ሁሉ እንደ መጥረጊያ ቆሟል። ጸደይ ገባ ይላሉ እዚህ። እስካሁን የገባው ዝናቡ ነው።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 23። ማታ 1 ሰዓት

የጥልፍ ቀን። ሪጀንት ፓርክ፣ ያቺው የሰፈር ማዕከል ክፍል። ብርዱን ሙሉ ስምንት ሆነን እዚያ ጨርቅ ስንወጋ ከረምን። ለግንቦት 9 ነው፣ እዚህ ከተማው ሐይቅ ዳር ለሚደረገው የጸደይ ቀን። ሸክላ ሠሪውም፣ ከበሮ መቺውም፣ ካይት የሚሉትን በክር የሚበር ወረቀት አብራሪውም ይመጣል። አንዱ ድንኳን የእኛ ነው። እያንዳንዳችን የምናውቀውን ውሃ እንድንጠልፍ ተባልን። የእኔ ጣና ነው። ታንኳ፣ ደንገል፣ ሁለት ሴት ልጆች። የታንኳውን ገመድ የያዘችው እኔ ነኝ። ሌላዋ የሺ። ያልተጠለፈው የእሷ ቀሚስ ብቻ ነው፤ ነጭ ጨርቅ ሆኖ ያፈጥብኛል።

አሁን የሆነውን ልንገርሽ፣ ደብተሬ። በሩን ስከፍት ሙሉና ጋሽ ታደሰ እያወሩ ነበር። እኔን ሲያዩ ዝም። ሙሉ የሃያ ዓመት ጓደኛዬ ናት። (ከእንግዲህ ሙ. እላታለሁ፤ ስሟን ጨርሼ መጻፍ አላሰኘኝም።) ጋሽ ታደሰ የሥራዎቻችንን ፍሬም የሚሠሩልን አናጢ ናቸው፣ ሰባን ያለፉ። ተነሥተው ወንበራቸውን ለቀቁልኝ። እሳቸው፣ ለእኔ! እንቅልፍ እንዴት ነው፣ ትበያለሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ የጠየቁኝ የጨርቁን ልክ ብቻ ነበር።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። እኔ ጠርጥሬያለሁ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 26። ከቤተ ክርስቲያን መልስ

ሰው ሁሉ ዛሬ ጥብቅ አድርጎ ሳመኝ። በሩቅ እጅ የሚነሱኝ ሳይቀሩ። አንዲት ሴት ደግሞ ትከሻዬን ይዛ ቆየችና ሄደች። ስሟን እንኳ አላውቀውም።

ሕይወት ስልክሽን ልየው አለችኝ። ተማሪ ናት፣ የቡድናችን ታናሽ፣ እንግሊዝኛውን የምትጨርስልን። "እትዬ አስካለ፣ ስቶሬጅሽ ፉል ነው፤ ክሊን ላድርግልሽ።" ሰጠኋት። ምን ይታወቃል፣ ከእኛ የተሻለ ታውቃለች። ስትመልስልኝ ሰው የሰርጉንም የልቅሶውንም የሚለጥፍበት ገጽ የለም። ወዴት ሄደ አልኳት። አፕዴት እያደረገ ነው፣ ቆይቶ ይመለሳል። ይህን ስትል ጫማዋን ነው የምታየው።

ቤት ገብቼ የጥልፌን ፎቶዎች ቆጠርኩ። ሁሉም አሉ። ታዲያ ምን ፈልጋ ነው?

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 28

ተነጋግረው ጨርሰዋል፤ እኔ የሰማሁት መጨረሻ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ለሕዝቡ አጠላለፉን የማሳየው እኔ ነበርኩ። ከየካቲት ጀምሮ የተወሰነ ነው፤ ለዚያውም ቀሚስ አሰፍቼለት። ዛሬ ሙ. መጣችና ማሳየቱን እኔ እይዘዋለሁ፣ አንቺ እረፊ አለችኝ። ከምን ልረፍ? ማን ደከመኝ አላት? ሌሎቹ አንገታቸውን ደፍተው መርፌያቸውን ያያሉ።

ገባኝ። ቦታዬን ፈልጋ ነው። እኔን ዳር አስቀምጠው እነሱ ካሜራ ፊት ሊቆሙ።

አንድ ነገር ግን ልጻፍ፤ ሰው ውለታ ቢረሳ አንቺ እንድታስታውሺ። ባለፈው ጥር የሙ. አባት ደብረ ብርሃን ሲያርፉ ስልኩ የተደወለው ለእኔ ነው። የመንጃ ፈቃድ ፈተናዋን ትለፍ ብለን ሁለት ሳምንት ሆዴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ዋዜማውን እሷ ዘንድ አደርኩ፤ በግድ እራት አበላኋት። በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ እነ ጋሽ ታደሰ በበረዶ መጥተው መርዶውን አረዷት። ስትወድቅ የያዝኳት እኔ ነኝ። ደረቷን ስትመታ እጇን የያዝኩት እኔ ነኝ። ይኸው ምላሹ።

የሺ ዛሬም ዝም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 30። ከቀኑ 9 ሰዓት

እስክሪብቶዬ ወረቀቱን በስቶታል። ንዴት ነው።

ሙ. ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ቤቴ መጣች። በአንድ እጇ ትኩስ ምግብ፣ በሌላው ፌስታል ውስጥ ክር። ቢጫ። የየሺ ቀሚስ ቢጫ ነው፣ ዳዊትን ጠይቄው ነው አለችኝ።

ዳዊት የየሺ ልጅ ነው። ቁጥሩን ያገኘችው አምና፣ ለየሺ የደም ግፊት መድኃኒት በሰው እጅ ስንልክ ነው። ለእኔ፣ ለአክስቱ፣ ሦስት ጊዜ ደውዬ አላነሣም። ለሙ. ግን ያነሣል፣ ያወራል፣ የቀሚስ ቀለም ይነግራታል።

እናቱስ ምን አለች ብዬ ጠየቅኳት። ሳይቀዘቅዝ ብዪ አለችኝ። ደግሜ ጠየቅኩ። ተነሥታ ሰሃን ማጠብ ጀመረች፤ የታጠበውን ሰሃን።

ስለዚህ እናትና ልጅ ከእሷ ጋር ናቸው ማለት ነው። ምን ብላ ነግራቸው ይሆን? ስለ እኔ ምን አለች? ከዚህ የማወጣውን ቃል ሁሉ አድርሳ ይሆናል። ባለፈው ዓመት የሺ የላክሁላት ገንዘብ አይበቃትም ብዬ ነበር፤ ያንን ከሆነ የነገረቻት፣ ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው።

እንደወጣች ለየሺ የድምፅ መልእክት ላክሁላት። ረጅም። ልጅሽን ለባዕድ ታስደውያለሽ፣ ለእኔ ድምፅሽን ትነፍጊያለሽ አልኳት። መጨረሻ ላይ፣ እንግዲህ ተይው፣ እኔም ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም እላለሁ አልኩ። አላለቀስኩም። ደግ አደረግሁ።

ዓርብ፣ ግንቦት 1። ልደታ

አንድ ምልክት። መልእክቱን ስትከፍተው ሁለት ይሆናል፤ አሁንም አንድ ነው። ስልኳን ዘግታብኛለች።

ሌሊቱን ትንሽ ከበደኝ። ያቺን የመጨረሻዋን ቃል ባላወጣት ይሻል ነበር። መሰረዝ ይቻላል፤ ጣቴን ጫን ማድረግ ነው። አልሰርዝም። መጀመሪያ ትስማው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ቀሚሱን ጨረስኩት። የሙ. ክር መሆኑ አስጠልቶኝ ሌላ ሱቅ ሄጄ ነበር፤ እንደሱ ያለ ቢጫ የለም። የእሷው ክር ይሻላል፤ ምን ይደረግ። መርፌውን ስነቅል ልጅቷ ከጨርቁ ላይ ብድግ ያለች መሰለኝ። ቢጫ ነው፣ አሁን ትዝ አለኝ። ጠርዙን ውሃ ነክቶት ነበር፣ እናታችን ስትቆጣ ሁለታችንም ጎረቤት ተደበቅን።

ሁለት ነገር። አንደኛ፣ የሥራ አለቃዬ ከግንቦት 11 ጀምሮ አንድ ሳምንት ኦፍ ነሽ አለችኝ። አልጠየቅኩም። ጓደኛሽ ደውላ ነግራኛለች፣ አይዞሽ አለችኝ። አይዞሽ! ሙ. እንግዲህ እንጀራዬም ላይ መጣች። ሁለተኛ፣ ጋሽ ታደሰ ለእኔ ሥራ ብቻ የዋንዛ መልክ ያለው ወፍራም ፍሬም ሠርተዋል። የሌሎቹ ቀጭን ነው። ድንኳኑ ውስጥም መግቢያው ላይ፣ ነፋስ በማያገኘው በኩል እንሰቅለዋለን አሉ። ከማሳየት ያነሡኝ ሰዎች ለምን ፊት ይሰቅሉኛል? አፍ ማዘጊያ ነው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9። ማታ 2 ሰዓት

ቀኑ አለፈ። በቅጡ ልጻፈው፣ ቁጣዬ ይቆይ።

ስትሪትካሩ፣ የከተማው ባቡር፣ እስከ መቆሚያው ድረስ ሞልቶ ነበር። ሐይቁ ዛሬ ከሰማዩ ጋር አንድ ቀለም። ነፋሱ ብርድ አለው፣ ሰዉ ግን በቁምጣ ነው። ዝይዎቹ ሣሩን አበላሽተውት ልጆች እየዘለሉ ያልፋሉ። የእንጨቱ መንገድ ዳርና ዳር ድንኳን። አንዱ ጭቃ ያዞራል፣ አንዷ የሰው ፊት በአምስት ደቂቃ ትሥላለች፣ ከኢስት ዮርክ የመጡ አሮጊቶች ይዘምራሉ። ካይቶቹ ውሃው ላይ ሄደው ይመለሳሉ።

የእኔ ጣና መግቢያው ላይ። ሰው ቆመ፤ እውነቴን ነው፣ ብዙ ሰው ቆመ። አንዲት ትንሽ ልጅ የትኛዋ አንቺ ነሽ አለችኝ። ገመድ የያዘችው አልኳት። ቢጫዋስ? እህቴ፣ አልኳት። እህት የለኝም ያልኩ ሰው ይህን ስል አንደበቴ አልተያዘም። ደስ አለኝ። ደስ ማለቴ ራሱ አናደደኝ።

ሕይወትን ፎቶ አንሺና ለየሺ ላኪላት፣ በአንቺ ስልክ ከሆነ ትከፍተው ይሆናል አልኳት። አነሣች። ላክሁት አለች። ስልኩን አሳዪኝ ስላት ባትሪው አለቀ አለች። ከዚያ ድንኳን ጀርባ ሄዳ ቆየች፤ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። ከፍቅረኛዋ ጋር ተጣልታ ይሆናል። ወይም ዋሽታኛለች።

ከዚያ ዳንፎርዝ ሰፈር ወሰዱኝ፣ ምግብ ቤት። እንቢ ብል አይሰሙም። እነሱ አልበሉም፤ እኔን ያዩኛል። ጋሽ ታደሰ አጎረሱኝ፣ አንድ ያጣላል ብለው ደገሙኝ። ሙ. ዛሬ አንቺ ጋ ልደር አለችኝ። ሶፋዬ ጠባብ ነው አልኳት። መሬትም እተኛለሁ አለች። ቤትሽ ግቢ፣ ነገ እሑድ ነው አልኩና በሩ ላይ ተሰናበትኳት። የአሳንሰሩ በር ሲዘጋ አሁንም እያየችኝ ነበር።

ምን ያህል ቢያስቡብኝ ነው እንዲህ የሚጠብቁኝ? ነገ ፊት ለፊት እጠይቃታለሁ። ይለይልን።

እሑድ፣ ግንቦት 10። ንጋት 12 ሰዓት ከሩብ

መስኮቱ ላይ ቆሜ ነው የምጽፈው።

የጋሽ ታደሰ ቫን ታች ቆሟል። መጀመሪያ ቅዳሴ ሊወስዱኝ ነው ብዬ ነበር። ግን ሌላም መኪና መጣ። ሌላም። ሰባት ሰው ቆጠርኩ። ሕይወት ጥቁር ለብሳለች። ጋሽ ታደሰ ባርኔጣቸውን አውልቀው ይዘዋል። አንዷ ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፤ ቀና ስትል አየኋት፣ ሙሉ ናት።

ደብተሬ፣ እኔ ይህን አውቀዋለሁ። በጥር ከእነሱ ጋር በዚያ በኩል ቆሜ ነበር። ሰው እስኪሟላ እግራችን በበረዶ እየደነዘዘ። ማን ይናገር፣ ማን ይያዛት እየተባባልን። ወንበሩ፣ ምግቡ፣ ስልኬ ላይ የጠፋው ገጽ፣ ያ ሁሉ "እረፊ"። ሳምንቱንም ለኀዘኔ ነው ያስፈቀደችልኝ። ሁሉንም በእጄ ለሌላ ሰው ያደረግሁት ነገር ነው፤ ለእኔ ሲደረግ አላወቅሁትም።

ዳዊት አይደለም። ዳዊት ከሙሉ ጋር ተነጋግሯል። የሺ ናት። እህቴ ናት። ደከመኝ ያለችው ደክሟት ነው።

ተናድጃለሁ። ሥራዬ እስኪሰቀል ጠበቁኝ፤ ትናንት በደስታ ቆሜ እህቴ እያልኩ ስናገር እነሱ ያውቁ ነበር። እንዴት ቻሉት? እኔስ ሁለት ሳምንት እንዴት ቻልኩት? ሙሉ ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ይኸው ስሟን ጨርሼ ጻፍኩት።

ስልኬን አሁን አየሁት። የድምፅ መልእክቱ አለ። አሁንም አንድ ምልክት። አልሰማችውም። እህት የለኝም ስል አልሰማችኝም። ግን አንድ ቀን ዳዊት የእናቱን ስልክ ቻርጅ አድርጎ ይከፍተዋል፤ ፎቶዋን ሊፈልግ። መጀመሪያ የሚያገኘው የእኔን ድምፅ ነው።

የታችኛው ደወል ጮኸ። አንዴ። ቀስ አድርገው ነው የነኩት፤ የጋሽ ታደሰ እጅ ነው።

ትንሽ ይቆዩ። መጀመሪያ መልእክቱን እሰርዛለሁ። ከዚያ እከፍትላቸዋለሁ።