በማርያም ቀን የማይነፍሰው የደባርቅ ነፋስ

ደባርቅ፣ ግንቦት 28 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለተከበሩ የነፋስ ኃይል ጥናት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ነፋስ ዝር የማይልበት ቢሮዎስ? እኛ በዳባትና በደባርቅ መካከል ባለው ተረተር ላይ፣ ቆባችንን በሁለት እጃችን ይዘን፣ ደኅና ነን።

ሪፖርትዎን በታላቅ አክብሮት አነበብኩት። በተረተራችን የነፋሱ አማካይ ፍጥነት በሰከንድ ሦስት ሜትር ተኩል ብቻ ስለሆነ፣ ሊተከሉልን የታሰቡት ስድስት ተርባይኖች ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳሉ፤ የመለኪያው ምሰሶም ሰኔ 30 ይነቀላል ይላል። ነርሷ እኅቴ ትሕትና እንግዲህ መብራትም ማቀዝቀዣም ወደሌለው ጤና ኬላዋ ክትባቱን በበረዶ ሣጥን፣ በበቅሎ ማመላለሷን ትቀጥላለች። በቅሎዋ እንዳትሰንፍ ስላሰቡላት ምስጋናችን ይድረስዎ።

ቀሪዎቹን ምስጋናዎቼን በተራ ላቅርብ።

1ኛ. «ነፋሱ በወር አሥራ አምስት ቀን ያህል ፈጽሞ ጸጥ ማለቱ የአካባቢው ልዩ ባሕርይ ነው» ላሉት ግኝት። ጸጥ ያለባቸውን ቀናት ከግድግዳ ካላንደር ጋር ሳስተያይ ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሚካኤል፣ ማርያም፣ መድኃኔዓለም፣ በዓለ ወልድ እያለ ይቀጥላል። እንዲህ ያለ ሃይማኖተኛ ነፋስ በዓለም ላይ የለም።

2ኛ. ጠባቂ ስለቀጠሩልን። ግንቦት 21 ቀን፣ ነፋሱ ነጠላዬን ሊቀማኝ እየታገለኝ ወጥቼ፣ ምሰሶው ሣር ላይ ተጋድሞ፣ መለኪያው ጆንያ ለብሶ አገኘሁት። ጠባቂው አያ ያርጋል ከመሥሪያ ቤትዎ የሰሙት «ዕቃውን በደንብ ጠብቅ» የሚል ብቻ መሆኑን ነገሩኝ፤ እርሳቸውም በየሰንበቱና በየበዓሉ በገመዱ ዝቅ አድርገው ያሳርፉታል። «በሬዬን በማላሠራበት ቀን የመንግሥትን ዕቃ ላሠራ እንዴ፣ ልጄ?» አሉኝ። እሳቸው አደራቸውን ጠበቁ። ምሰሶውን ከተከለ ወዲህ በአሥራ አንድ ወር አንድ ሰው እንኳ ልኮ ያላየውን መሥሪያ ቤት ግን ምን እንደምለው ጨነቀኝ።

3ኛ. ሥራ ስለሚበዛብዎ ላስታውስዎ፤ ነፋስ ክንፎቹን ይገፋል፣ ክንፎቹ ዘንጉን፣ ዘንጉም ማርሹን ያዞራል፤ ማርሹ ፍጥነት ጨምሮ ለጄኔሬተሩ ያስረክባል፤ እዚያ ውስጥ ማግኔት በመዳብ ሽቦ ጥቅል መካከል ሲሽከረከር ኤሌክትሪክ ይመነጫል። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ታዲያ ወሩን ግማሽ ተኝቶ ያሳለፈ መለኪያ ስንት እንደሚያስቀርብን ለእርስዎ ማስላት ድፍረት ይሆንብኛል።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ምሰሶው ሳይነቀል ሦስት ወር ቆሞ ይለካ። ያለ ደመወዝ ለመከታተል ዝግጁ ነኝ፤ ያለ ደመወዝ መኖሩን ከተመረቅሁ ወዲህ ተለማምጄዋለሁ።

ለሪፖርትዎ ጥራዝ ውበት ከልብ በመደነቅ፣ ወንበርዎን አንዳች ነፋስ እንዳይነካው እየተመኘሁ፣

ዓለምብርሃን ዘመነ
በኤሌክትሪክ ምህንድስና የተመረቀ

ማሳሰቢያ፦ አያ ያርጋል ነገሩን ለመሪጌታ ተክለ ማርያም አቅርበው ነበር። መሪጌታም «ነፋሱን በሰንበት የሚያነፍሰው ማን ሆነና ነው አንተ የምትከለክለው?» ብለው አሰናበቷቸው። ባለፈው እሑድ ምሰሶው ቆሞ ዋለ፤ መለኪያውም በሰከንድ ዘጠኝ ሜትር መዘገበ። ጽሕፈት ቤትዎ በአሥራ አንድ ወር ያልደረሰበትን መሪጌታ ከቅዳሴ ሲወጡ፣ ጫማቸውን እያጠለቁ ጨርሰውታል፤ አበልም አልጠየቁ።